እትዬ ብርሀንነሽና እናት የሌለው ማሽን

በየሰፈሩ አንድ «የማን ልጅ ነህ?» የሚል ሰው አለ። የሌለበት ሰፈር ካለ እሱ ሰፈር አይደለም፣ ቤቶች ጎን ለጎን የቆሙበት ሜዳ ነው። ይሄ ሰው ስምህን አይፈልግም። ስም ማንም ያወጣል። እሱ የሚፈልገው አባትህን፣ ያባትህን አባት፣ ከዚያ ደግሞ እናትህ በየት በኩል እንደመጣች ነው። እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ አንድ ቦታ ላይ ካላዛመደህ ወይም ካላጣላህ አይለቅህም።

የኛ ሰፈር ተረኛ እትዬ ብርሀንነሽ ናቸው። ክብርት የዘር ቆጠራ ሚኒስትር። ማንም አልሾማቸውም፣ ማንም ሊሽራቸውም አይችልም።

አንድ ቀን ከደጎሎ በሚኒባስ አብረን ስንመጣ ረዳቱ «እናት፣ ሂሳብ» አላቸው። «እሰጥሃለሁ፤ መጀመሪያ የማን ልጅ ነህ?» አሉት። ልጁ ሳቀ። ሲስቅ ጥርሱን አዩና «ቆይ ቆይ፣ ይሄ ጥርስ የማሻ ጥርስ ነው» አሉ። እውነትም እናቱ የማሻ ሰው ነች። ወላሂ እኔ እዚያው ነበርኩ። መካነ ሰላም ስንደርስ ረዳቱ ጆንያቸውን ተሸክሞ «አክስቴ፣ አክስቴ» እያለ እስከ ቤታቸው ወሰደላቸው። የኔን ጆንያ እኔው ተሸከምኩት።

መታወቂያ ሊያሳድሱ ቀበሌ የሄዱ ጊዜ ደግሞ ፎርሙ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይላል። «ሌሎቹስ የት ይጻፋሉ?» ብለው ጠየቁ። «በቃ እሱ ነው እናቴ» አላቸው ጸሐፊው። «ሰው በሦስት ሰው ብቻ ይታወቃል?» አሉና በወረቀቱ ጀርባ እስከ ሰባተኛው አስጻፉት። ልጁ አምስተኛው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አቆመ። ለካ የሱም ቅድመ አያት ነው።

ከግብርና የመጣውን ልጅማ ተዉት። ነጭ ነጭ ዶሮ በካርቶን ይዞ መጣ፣ ለሴቶች ሊያከፋፍል።

«ይሄ ነጩ ዶሮ የማን ነው?» አሉት።

«ምርጥ ዘር ነው እናቴ።»

«ማን ነው የመረጠው? አባቱን ታውቀዋለህ?»

ልጁ ዲግሪ አለው። ካርቶኑን አንስቶ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ።

የራሳቸው ዶሮዎች ሰባት ናቸው፣ ሰባቱም መዝገብ አላቸው፣ መዝገቡ ያለው እትዬ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ቀይዋ የገብስማዋ ልጅ ናት። ገብስማዋ እትዬ ሲዳሩ ከወላጆቻቸው ቤት ይዘዋት ከመጡት ዶሮ ነው የምትወለደው፤ መሃል ላይ ስንት ዶሮ እንዳለ በስም በስማቸው ይነግሯችኋል፣ ጊዜ ካላችሁ። ጊዜ ባይኖራችሁም ይነግሯችኋል።

እንግዲህ የዚህ ሰው ግድግዳ ከኛ ግድግዳ ጋር አንድ ነው። እኔ ደግሞ እሱን ግድግዳ ተደግፌ እናት የሌለው ጫጩት ማውጣት ጀመርኩ።

ስሜ ፈርሂያ ነው፤ ለእትዬ ግን «የመሐሙድ ልጅ» ነኝ። እስከ ስድስተኛ ተምሬ ነው ጅዳ የሄድኩት፣ አራት ዓመት የሰው ቤት ሰራሁ። ከተመለስኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። እዚያ እያለሁ አንድ ቀን በስልክ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን አየሁ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም። እስኪ ልንገራችሁ፣ ቀላል ነገር ነው። የሞተ ፍሪጅ ገዛሁ። ሁለት አምፖል፣ ትንሽዬ ማራገቢያ፣ ሙቀት መቆጣጠሪያዋን ከደሴ አስመጣሁ። ሰላሳ ሰባት ተኩል ላይ ታቆሙታላችሁ፤ ብዙ ከወጣ እንቁላሉ ይቀቀላል፣ ብዙ ከወረደ ይሞታል። ከስር በሰፊ ሳህን ውሃ ታስቀምጣላችሁ፣ አየሩ እንዳይደርቅ። እንቁላሉን በቀን ሦስቴ ታገላብጡታላችሁ፣ ዶሮዋም ታቅፋ ስትተኛ በመንቁሯ ታገላብጠው የለ? መብራት ሲጠፋ የፈላ ውሃ በጄሪካን ታስገቡለታላችሁ። በሃያ አንደኛው ቀን ከውስጥ ጪው ጪው ይላል። ያን ጊዜ ያለውን ደስታ መስማት ነው እንጂ መንገር አይቻልም።

ለሙከራ ከገበያ ሃያ እንቁላል ገዝቼ አስገባሁ፣ አስራ ሦስት ወጣ። ጫጩቶቹ ገና ላባቸው ሳይደርቅ እትዬ ነጠላቸውን እየሳቡ ገቡ።

«ይሄ ነው?»

«አዎ እትዬ፣ ይሄ ነው።»

ፍሪጁን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩት። «እናታቸው የታለች?»

«እናት የላቸውም። አምፖሉ ነው የሚያሞቃቸው።»

«አባታቸውስ?»

«አባትማ አላቸው። አውራ ያልደረሰበት እንቁላል አይፈለፈልም።»

«እሱስ ደግ። ማን ነው?»

«ማን?»

«አባታቸዋ!»

«ኧረ እትዬ፣ እንቁላሉን ከገበያ ነው የገዛሁት፣ አውራውን በምን አውቀዋለሁ?»

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ያረቢ!» አሉ። እትዬ ክርስቲያን ናቸው፣ ሲደነግጡ ግን ያረቢ ነው የሚሉት። «አባቱ የማይታወቅ አስራ ሦስት ነፍስ ሰፈራችን ላይ ለቀቅሽብን? ነገ አድገው ከኔ ዶሮዎች ጋር ቢጋቡ ማን ይጠየቃል?»

ሰፈሩ በሳቅ ሞተ። እኔ አልሳቅሁም። ደሴ ያለ አንድ ኤጀንሲ ስሜን ይዟል፤ ጅዳ የነበርኩበት ቤት ተመልሳ ትምጣ ብለዋል። የኤጀንሲው ሰውዬ የዛሬ ወር አካባቢ በሚውለው ሐሙስ ቁርጡን ንገሪኝ ብሎኛል። የገበያ እንቁላል ደግሞ አያዛልቅም፣ ግማሹ ቀኑ ያለፈበት ነው። ስለዚህ ለራሴ ቆረጥኩ፦ የሰፈር ሴቶች የዶሮዎቻቸውን እንቁላል አምነው ከሰጡኝና ከሚፈለፈለው እኩል ከተካፈልን እቆያለሁ። ካላመኑኝ ሐሙስ ፓስፖርቴን ይዤ ደሴ ነኝ።

ሴቶቹ ደግሞ የሚያምኑት እትዬ ብርሀንነሽ ያመኑትን ነው። ሌላ መንገድ የለም።

ሄድኩና «እትዬ፣ እንግዲያ እርስዎ ዘሩ የሚታወቅ እንቁላል ይስጡኝ» አልኳቸው። «ካልሰጡኝ ሰፈሩ ባልታወቀ ጫጩት መሙላቱ ነው።»

ይቺ ቃል ገባቻቸው። በነጋታው ዘጠኝ እንቁላል በሰፌድ ይዘው መጡ። እሳቸውን አይታ ጎረቤታችን ኸዲጃ ሃያ አንድ አመጣች፣ የኔአለም አስራ አምስት። ሁሉም ጎዶሎ ቁጥር ነው፤ ሙሉ ቁጥር አይታቀፍማ። ማሽንም ቢሆን።

እኔ በእርሳስ በአንድ ጎኑ ክብ፣ በሌላው ጎኑ ጭረት ነው የማደርግበት፣ መገላበጡን ለማወቅ። እትዬ አልበቃቸውም።

«ስማቸውን ጻፊ።»

«ገና ሳይፈለፈሉ ምን ስም አላቸውና ነው?»

«ይቺ የቀይዋ ልጅ፣ የገብስማዋ የልጅ ልጅ፣ አባቷ ወሰራው አውራ… ጻፊ እንጂ!»

ጻፍኩ። እንቁላሉ ላይ ቦታ አለቀ። ጭረቱን የማደርግበት አጣሁ።

ከዚያ ወዲያ በቀን ሁለቴ ይመጣሉ። ፍሪጁን ከፍተው ለእንቁላሎቹ አያቶቻቸውን ይነግሯቸዋል። «እትዬ፣ ሲከፍቱት ሙቀቱ ይወጣል» ብላቸው «ታዲያ ዘራቸውን ሳያውቁ ይውጡ?» አሉኝ። በመጨረሻ በተዘጋው በር እንዲነግሯቸው ተስማማን። በርጩማ አመጡና ፍሪጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው ያወራሉ። መንገድ ላይ ያለ ሰው ቢያይ ፍሪጁ ለቅሶ ላይ ነው ይላል።

በሰባተኛው ቀን እንቁላሎቹን በስልክ መብራት አየናቸው። ቤቱን ታጨልሙና እንቁላሉን መብራቱ ላይ ታስቀምጡታላችሁ። ነፍስ ካለው ቀይ ቀጫጭን ደም ስር እንደ ዛፍ ሥር ተዘርግቶ ይታያል፣ መሃል ላይ አንዲት ነጥብ ትርገበገባለች። የእትዬ ዘጠኙም ነፍስ ነበራቸው። አንዱን ሳሳያቸው አይናቸውን አስጠግተው ቆዩ። ብዙ ቆዩ።

«ይቺ ነጥብ ምንድናት?»

«ልቡ ነው።»

«ልብ አለው» አሉ ቀስ ብለው። «ልብ እያለው እናት የለውም።»

እንደዚያ ያለ ድምፅ ከሳቸው ሰምቼ አላውቅም። ያን ቀን የማንንም አባት ሳይጠይቁ ወደ ቤታቸው ገቡ።

በአስረኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ኤጀንሲው ለአሻራ ደሴ ጠራኝ። ሄዶ አሻራ መስጠት ምንም አይደለም፣ ቁርጡ ገና በቀጠሮው ሐሙስ ነው ብዬ ሄድኩ። ማሽኑን ለእትዬ አደራ አልኩ። «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ያገላብጧቸው። ውሃ ሲጎድል ይጨምሩ። ሌላ ምንም አይንኩ።»

«አብሽሪ» አሉኝ። «እኔ እያለሁ?»

እሁድ ማታ ተመልሼ ቤቱን ስከፍት እንደ ሙሽራ ጸጉር የሚሸት ነገር ተቀበለኝ። ለጋ ቅቤ። ፍሪጁን ከፈትኩ። የኸዲጃና የየኔአለም እንቁላሎች ደህና ናቸው፣ በደንብ ተገላብጠዋል። የእትዬ ዘጠኙ ያብረቀርቃሉ። አንዱን ሳነሳው ከእጄ ሊያመልጥ ነበር።

እንቁላል ቅርፊቱ ላይ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ አለው። ውስጥ ያለው በሱ ነው የሚተነፍሰው። ቅቤ ከደፈነው በቃ። በለስላሳ ጨርቅ ጠረግኩ፣ ደጋግሜ ጠረግኩ። ቅቤ ደግሞ አንዴ ከሞቀ ገብቷል።

ሰኞ በጠዋት እትዬ መጡና በርጩማቸው ላይ ተደላድለው «ወዝ ወዝ አላሉም?» አሉኝ። ፊታቸው በርቷል። ቀባኋቸው አላሉም፤ ስጦታውን በምስጢር እንደሰጠ ሰው ናቸው። እኔ ግን ገባኝ። ዶሮ ስትታቀፍ ከሆዷ ወዝ ይወጣል፣ ብረት ወዝ የለውም። አዲስ የተወለደ ልጅም ቅቤ ይልስ የለ? እናት የሌላቸውን ልጆች እሳቸው እናት መሆናቸው ነው። የሌላውን ሰው እንቁላል አልነኩም፤ የሌላ ሰው ልጅ በሌላ እጅ አይቀባማ።

«አዎ እትዬ» አልኩ። «ወዝ ወዝ ብለዋል።»

በአስራ አራተኛው ቀን ብቻዬን በመብራት አየኋቸው። ዘጠኙም ጠቁረው ቆመዋል። ምንም አይርገበገብም።

ልነግራቸው ሁለቴ ጀመርኩ። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ…» «ምን?» «ሙቀቱ ደህና ነው።» «እሱማ ደህና ነው፣ እኔ አለሁ አይደል?» ብለው ለሞቱት እንቁላሎች የወሰራውን አባት ታሪክ ቀጠሉ። እንዴት ነው የሚነገረው? እናንተ ብትሆኑ ትነግሯቸው ነበር?

በአስራ ስምንተኛው ቀን መገላበጥ ይቆማል። ያን ቀን እትዬ ትእዛዝ አወጡ፤ ሲወጡ ዘር ከዘር እንዳይደባለቅ አጥር ይሰራ አሉ። በወንፊት ሽቦ ሦስት ቦታ ከፈልኩት። የሳቸውን ዘጠኝ በጥጉ በኩል አደረግኳቸው።

ሃያ አንደኛው ቀን ረቡዕ ነው። ሐሙስ ነገ ነው ማለት ነው። ሦስቱም ሴቶች ከጠዋት ጀምረው ተቀምጠዋል። የኸዲጃ አጥር ውስጥ አስራ ስድስት ወጣ፣ የየኔአለም አስራ አንድ። ጪው ጪው ቤቱን ሞላው። የኔአለም አንዱን ጉንጯ ላይ አድርጋ «ሱብሃነላህ በይ ኸዲጃ፣ እኔ ክርስቲያኗ እንኳን ልል ነው» አለች። ተሳሳቅን።

ጥጉ ግን ጸጥ ብሏል።

«የእትዬስ?» አለች ኸዲጃ።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እትዬም።

«ጥግ ስለሆነ ነው» አልኩ። «እዚያ ጋ ሙቀቱ በደንብ አይደርስም። ማሽኑ ነው። የኔ ጥፋት ነው።»

ማሽኔ እንደዚያ አያደርግም። ጥጉም መሃሉም አንድ ሙቀት ነው፣ ለክቼዋለሁ። ግን አልኩት።

«እንግዲያ ዛሬ የሳቸውን ጥግ የበላ ማሽን ነገ የኔን ይበላል» አለች ኸዲጃ፣ የድርሻዋን ጫጩቶች ወደ ካርቶን እየለቀመች። «ዶሮዬ ብታቅፈው እኮ በነጻ ነበር። እኔ ሌላ እንቁላል አላመጣም፣ ሰውም እንዳያመጣ እነግራለሁ። አላህ ያውቃል፣ ክፋት አይደለም።» ከዚያ ከጥጉ አንድ እንቁላል አነሳችና አፍንጫዋን ሸበሸበች። «ይሄ ደግሞ ምን ይሸታል? ቅቤ? አንቺ፣ ልትጠብሺው ነበር እንዴ?»

እትዬ ከእጇ ተቀበሏት። አሸተቱት። አገላበጡት፣ ደግመው አሸተቱት።

«ይሄ የኔ ቅቤ ነው» አሉ።

«እትዬ ደግሞ! ቅቤ ሁሉ አንድ ነው።»

«ላንቺ አንድ ነው። ይሄ የላሜ የቡሬ ቅቤ ነው። ቡሬ የዳለቻ ልጅ ናት፤ የዳለቻ ዘር ቅቤ ኮሰረት ሳይገባበት ኮሰረት ይሸታል። ከመቶ ቅቤ መሃል እለየዋለሁ።» ወደኔ ዞሩ። «የመሐሙድ ልጅ፣ ቅቤ እንቁላል ይገላል?»

ጎንበስ ብዬ ጫጩት መቁጠር ጀመርኩ።

«ጠየቅኩሽ እኮ።»

«እንቁላል በቅርፊቱ ነው የሚተነፍሰው እትዬ» አልኩ መሬት መሬት እያየሁ።

በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። እትዬ ብርሀንነሽ ተሳስተው አያውቁም። አንዴ የአንድ ሰውዬ አያት ተሳስተው ሲነግሩት ሰውየው ነው አያቱን የቀየረው። አሁን ግን እንቁላሉን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና «ኸዲጃ፣ ካርቶኑን አስቀምጪ» አሉ።

«ምነው?»

«ማሽኑ ንጹህ ነው። ዘጠኙን የገደልኳቸው እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ። ይቺ ደሴ የሄደች ቀን ቀባኋቸው። ለሰፈሩ ልትናገሪ ነው አይደል? ተናገሪ። ስሜን ከነአባቴ ጥሪና ተናገሪ።»

ኸዲጃ አፏን ይዛ «እንቁላል ቅቤ ቀቡ? ሹሩባስ አልሰሯቸውም?» አለች። ልትቀጥል ስትል ፊታቸውን አየች። ሳቋን ዋጠችው። ካርቶኑን አንስታ በር ላይ ስትደርስ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ነገ ሃያ አንድ አመጣለሁ» ብላኝ ወጣች። የኔአለምም ተከተለቻት።

እትዬና እኔ ቀረን።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ከደሴ የተመለስኩ ቀን።»

«አስር ቀን ዝም አልሽ።»

«አዎ።»

«ማሽኑ ነው ካልሽ ሰው እንቁላል እንደማያመጣልሽ አጥተሽው ነው?»

«አላጣሁትም።»

«ከዚያስ ምን ልትሆኚ ነበር?»

«ነገ ደሴ ልወርድ ነበር። ከዚያ ጅዳ።»

«እኔ ሰው ፊት እንዳላፍር ብለሽ?»

አስር ቀን ሙሉ ለራሴ «ክፉ አፍ ስላላቸው ፈርቼ ነው» እል ነበር። ሲጠይቁኝ ግን መልሱ እሱ አልነበረም።

የነጠላቸውን ጫፍ ጠቀለሉና ትከሻዬን መቱኝ። በደንብ ነው የመቱኝ። «ጅል! እኔ ማፈር ያቅተኛል? ስድሳ አምስት ዓመቴ ነው። ጅዳ ማን ያውቅሻል?» ብለው ተነስተው ወጡ፣ በሩንም ሳይዘጉ።

ተቀይመውኛል፣ ያለሳቸው ደግሞ አይሆንም ብዬ ኤጀንሲው ጋ ደወልኩ። ሰውየው «እና ነገ ትመጫለሽ?» ሲለኝ እትዬ ተመልሰው ገቡ። ሰፌዳቸው ላይ ገለባ፣ ገለባው ላይ ዘጠኝ እንቁላል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግኩ አንዷን አንስተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ንኪው» አሉኝ። «ደረቅ ነው።»